በገና የተሰበረ እግር

በላይነህ በደብረ ታቦር አቅራቢያ፣ የገሳይ ገበሬ ነው። ገብስና ጤፍ ያርሳል፤ በዓመት አንድ ቀን ደግሞ ያብዳል። የሚያብደው ታኅሣሥ ሃያ ዘጠኝ፣ ገና የዋለ ዕለት ነው። ከቅዳሴ መልስ ጾሙን ፈትቶ፣ ከወይራ የቆረጠውን ቆልማማ ዱላ ይዞ ወደ ሜዳው ሲወርድ ያየ ሰው የልጆች አባት ነው ብሎ አያምንም።

ለእሱ ገና ማለት ይኸው ነው። ጌታ በግርግም ሲወለድ የምሥራቹን ቀድመው የሰሙት እረኞች ናቸው፤ ከደስታቸው ብዛት በዱላቸው ተጫወቱ ይባላል። ስለዚህ በዚያ ቀን ሜዳው ላይ ጌታና ሎሌ የለም። ሹሙ ይሰደባል፣ ባለጸጋው ይገፋል፤ የተመታ ቂም አይዝም፣ አይከስም፣ ካሳም አይጠይቅም። በላይነህ ይህን ከሃይማኖቱ ለይቶ አያየውም።

ታዲያ አንድ ዓመት ይርጋ የሚባል የወንዝ ማዶ ጎረምሳ ሩሯን፣ ያችን የእንጨት ኳስ፣ እመታለሁ ብሎ ሳታትና የበላይነህን ቅልጥም ሰበረው። ጨዋታው ቀጥ አለ። በላይነህ መሬት ላይ ቁጭ እንዳለ "ሩሯስ የት ደረሰች?" ብሎ ጠየቀ። የእሱ ወገን አግብቷታል። ደስ አለው፣ እውነቴን ነው።

በሚኒባስ ደብረ ታቦር ወስደው በጀሶ አሳሰሩት። ሐኪሙ ማን እንደመታው ቢጠይቀው "ገና ነበር እኮ" አለ።

ጭንቁ የመጣው ቤቱ ሲገባ ነው። ጤፉ ታጭዶ ተከምሯል፤ የሚወቃው ግን የለም፣ ልጆቹ ገና ትንንሽ ናቸው። ሰማዩም ያለ ወቅቱ መጥቆር ጀምሯል። ዝናብ ካገኘው የዓመት ቀለባቸው በስብሶ ይቀራል።

"ሽማግሌ ልላክና ይርጋ ይካስ" አለችው ሚስቱ ብዙነሽ። "ልጆቼን ኩራትህን ላብላቸው?"

"ገናን አላረክስም።"

እውነት አላት፤ እሱም ያውቃል። ቀኑን ሙሉ ደመናውን ሲያይ ዋለ። ፈርቶ ነበር።

በማግሥቱ ይርጋ በሬዎቹን እየነዳ መጥቶ ደጃፉ ላይ ቆመ።

"ጋሽ በላይነህ፣ ጤፉን ልውቃልዎት" አለ አንገቱን ደፍቶ። "የእግርዎ ካሳ ይሁንልኝ።"

ብዙነሽ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። በላይነህ ከመደቡ ላይ ሳይነሳ ምርኩዙን በሩ ላይ ጋረደ።

"ለካሳ ከሆነ በሬዎችህን ይዘህ ተመለስ። ለወንፈል ከሆነ ግባ።"

"ወንፈል ይመለሳል እኮ፣ ጋሼ። በዚህ እግርዎ እንዴት አድርገው ሠርተው ይመልሱልኛል?"

"እሱ የእኔ ጣጣ ነው።"

ይርጋ ብዙነሽን አየ። እሷ ደግሞ ባሏን በንዴት ታየዋለች። በመጨረሻ "እሺ፣ ወንፈል ይሁን" አለ፤ ምርኩዙም ተነሳ። ጤፉ ዝናቡ ሳይደርስ ጎተራ ገባ።

በተከታዩ ኅዳር የይርጋ ገብስ ደረሰ። በላይነህ ማጭዱን ይዞ፣ እያነከሰ ወንዙን ተሻገረ። ይርጋ እንዲቀመጥ ቢለምነው አልሰማውም። ከአጫጆቹ ሁሉ ኋላ እየቀረ፣ ላቡን እየጠረገ፣ ድርሻውን አንድ ዘለላ ሳያስቀር አጨደ። ከዚያ የመጨረሻውን ነዶ አስሮ ቀና አለ፤ ፊቱ ላይ የነበረውን ኩራት ያየ ሰው ማሳው የራሱ ይመስለዋል።

"ወንፈሌን መለስኩ" አለው። "እንግዲህ በመጪው ገና ቅልጥምህን ጠብቅ።"