በተኩላው አፍ የገባ እጅ

የያዙኝ ከመሐል ሜዳ ወደ ደብረ ብርሃን ከሚሄደው ሚኒባስ ላይ አውርደው ነው። ያስገቡኝ ክፍል ቀድሞ የገብስ መጋዘን ነበር፤ ሲሚንቶው ላይ ገለባ ቀርቶበታል፣ ብርዱ ከወለሉ ተነስቶ አጥንት ይገባል። ስልኬንና ቀበቶዬን ወሰዱ። መጽሐፌን ግን ፈታሹ ገለጥ ገለጥ አደረገና «የትምህርት ነው» ብሎ መለሰልኝ። የጥንት የሰሜን አውሮፓ ሰዎች ያመልኳቸው የነበሩትን አማልክት ተረት፣ አንድ ጸሐፊ ልጆቹን እንደሚያጫውት አድርጎ በራሱ አንደበት የጻፈው ነው።

የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ፤ ሰሚ ካገኘሁ ደግሞ አፌ አያርፍም። በክፍሉ ዘጠኝ ነበርን። ከሰዓት በኋላ በመስኮቷ ብርሃን ሲገባ፣ አንድ አንድ ተረት እያነበብኩ ወደ አማርኛ እመልስላቸው ጀመር። በሦስተኛው ቀን የተኩላው ተራ ደረሰ።

«ተኩላ ስትል፣ የኛ የጓሳው ቀይ ቀበሮ ነው?» አሉ የበግ ጠጉር ባናቸውን ተከናንበው ጥግ የተቀመጡ ሽማግሌ።

«በሬ ያክላል፣ አባባ።»

«እንግዲያው የኛው ይሻላል። አይጡን ለቅሞ ይተኛል።»

አማልክቱ ተኩላውን ፈሩት። «ለጨዋታ እንሰርህ፤ ገመዱን መበጠስ ካቃተህ እንፈታሃለን» አሉት። ተኩላው ተጠራጠረና፣ አንዳችሁ መያዣ ይሁን፣ እጁን አፌ ውስጥ ያስገባ አለ። አንዱ አምላክ አስገባ። ገመዱ አልበጠስ አለ፣ አማልክቱም አልፈቱትም፤ ተኩላው እጁን ቆረጠው። መጽሐፉ ይህንን በአጭሩ ነው የሚለው። እኔ ጨውና ቅመም ጨመርኩበት። አምላኩ በግራ እጁ እንጀራ ሲቆርስ፣ ወጡ ጢሙ ላይ ሲንጠባጠብ፣ ጓደኞቹ ሲዘባበቱበት እየተነሳሁ አሳየኋቸው። ሰዉ በሳቅ ፍርስ አለ። ሽማግሌው ብቻ አልሳቁም።

አጠገቤ የተቀመጠው ነጋዴ በጆሮዬ ነገረኝ። ሽማግሌው የሸሸ የጎረቤታቸውን ልጅ ቆላ ድረስ ወርደው፣ «ጥያቄ ብቻ ነው ብለውኛል፣ በቃሌ ግባ» ብለው አምጥተው ያስረከቡ ናቸው። ልጁን አንነካውም ብለው ለሳቸው የማሉት ሰዎች፣ በዚያው ቀን ወደማይታወቅ ቦታ ወሰዱት። የት አደረሳችሁት ብለው ሊጠይቁ ሲመጡ እሳቸውንም አስገቧቸው።

አፈርኩ። ይቅርታ ልል ስል ቀደሙኝ።

«እጁን ያስገባው ሰውዬ፣ ጓደኞቹ መዋሸታቸውን ያውቅ ነበር?»

«ያውቅ ነበር፣ አባባ።»

«እኔ አላውቅም ነበር» አሉ።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ኃላፊ ወረቀት ይዞ በሩ ላይ ቆመና የሁለት ሰው ስም ጠራ፤ የሳቸውንና የኔን።

«ልጁስ?» አሉ ሽማግሌው።

«የሱ ጉዳይ ሌላ ነው። እርስዎ ይውጡ።»

«በኔ ቃል ነው የገባው። ያለ እሱ ወጥቼ እናቱን በምን ዓይኔ አያታለሁ?»

ባናቸውን አስተካክለው ተመልሰው ተቀመጡ። ኃላፊው ጥቂት ጠበቃቸው፤ ቀና ብለውም አላዩት።

እኔ ጫማዬን አጥልቄ ወጣሁ። ይቅርታ እንኳ አላልኳቸውም፤ ኃላፊው ሐሳቡን እንዳይለውጥ ቸኩዬ ነበር። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ከዚያም በኋላ የት እንደደረሱ አልጠየቅሁም። ሞላሌ ገበያ የአገራቸው ሰው አይጠፋም ነበር፤ የሚነግሩኝን ፈርቼ ነው።

አምና በሰፈራችን ሁለት ቤተሰቦች ተጣሉና የአንደኛው ልጅ ሸሸ። የሌላኛው ቤተሰብ ሰዎች መጥተው፣ «ተማሪህ ነበር፤ የሚያምነው አንተን ነው። ሽማግሌ ሆነህ አምጣልን» አሉኝ። እሺ አልኩ። ሊወስዱኝ ጠዋት ደጄ ላይ ሲቆሙ፣ ባለቤቴን «አሞታል በያቸው» አልኳት። አላመመኝም ነበር።