ላሚኔት የተደረገው ሎተሪ

አባቴ ወረቀት ያከብራል። ሌሞ ገጠር ሲያስተምር በኖረበት ቤት ጣሪያው አፍስሶ ዲፕሎማውን ካበላሸበት ወዲህ፣ ማኅተም ያለበትን ወረቀት ሁሉ ላሚኔት ያስደርጋል። የጋብቻ ሠርተፊኬታቸው፣ የእኔ የስምንተኛ ክፍል ውጤት፣ የእናቴ የሐኪም ቤት ካርድ ሳይቀር በፕላስቲክ ታሽገው አንድ የቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ይኖራሉ። “ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል” ይለናል። እኔም በዚህ ቤት ከሰው ይልቅ ወረቀት ይሻላል፣ ብርድ አይመታውም እያልኩ አሾፍበት ነበር።

አባቴ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌም ነው። በእኛ ቤት ሎተሪ ቁማር ነው፤ ቁማር ደግሞ ኃጢአት ነው። ልጆች ሳለን አዟሪው “ዛሬ ይወጣል!” እያለ በደጃችን ሲያልፍ መስኮቱ ይዘጋ ነበር። ነገር ግን ስለ ሎተሪ የአባቴን ያህል የሚያውቅ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም። በንጉሡ ጊዜ ልጅ ሆኖ ሰዎች ለውጤቱ ሬዲዮ ከበው ሲቀመጡ አይቷል። በደርግ ጊዜም አልቀረም፣ ከደርግ በኋላም አልቀረም፤ አሁን ደግሞ በስልክ መልእክት ይሸጣል። “መንግሥት ሲለወጥ ላዩ ላይ ያለው ሥዕል ይለወጣል እንጂ የሚያልመው ሰው ያው ነው” ይል ነበር። ቁጥሮቹ በሕዝብ ፊት እየተሽከረከሩ እንዴት እንደሚወጡ፣ ከሽያጩ የሚተርፈው እንዴት ወደ መንግሥት ካዝና እንደሚገባ አስረድቶን ሲያበቃ “ድሃ ወዶ የሚከፍለው ግብር ነው” ብሎ ይደመድማል። ይህን ሁሉ ከየት እንዳወቀው መጠየቅ ለምን እንዳልታየኝ አላውቅም።

የእናቴ ዓይን መድከም የጀመረው ከዳር ነው። በር ስትገባ ትከሻዋ ይጋጫል፤ መዝሙር ደብተሩን አዙራ ይዛ ቃሉን በልቧ ትዘምራለች። የዓይን ግፊት ነው አሉን። “የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን ግን ቶሎ ከተሠራላት ማትረፍ ይቻላል” አለን ሐኪሙ። በመንግሥት ሆስፒታል ተራው ሩቅ ነበር፤ የግሉ ደግሞ ዋጋው ከአቅማችን በላይ። በሬ ተሸጠ፣ ዕቁብ ተለመነ፣ አልሞላም። እኔ ቢሮዬ ተቀምጬ የሰው ማመልከቻ ስመራ እውላለሁ፤ ማታ የእናቴን እጅ ይዤ ደረጃ አወርዳታለሁ። ከዚህ የተሻለ ማድረግ የምችለው አልነበረም፤ ያናድደኝ ነበር።

አባቴ በዚያ ሰሞን እህቱን ለመጠየቅ ሺንሺቾ መመላለስ አበዛ። ምስኪን፣ ጭንቀቱን ለእህቱ ያዋያል ብዬ አዝንለት ነበር።

በክረምቱ መሀል ቢሮዬ መጣና በሩን ዘጋ። የሎተሪ መውጫ ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቶ ከደረት ኪሱ አንድ ነገር አወጣ። “ቁጥሩን አንቺ አንብቢልኝ። የእኔን ዓይን አላመንኩትም” አለኝ። አነበብኩለት። ደግሜም አነበብኩ። የመጀመሪያው ዕጣ አይደለም፤ ለእናቴ ዓይን ግን ይበቃል፣ ይተርፋልም። አቅፌው አለቀስኩ። እሱ ሽማግሌነቱን እንደሚተው፣ ጉባኤው ፊት ቆሞ እንደሚናዘዝ፣ ግን አስቀድሞ እሷ መታከም እንዳለባት በሹክሹክታ ነገረኝ።

እጄ ላይ ያለው ነገር ጠንካራና የሚያንሸራትት መሆኑን ያስተዋልኩት ከዚያ በኋላ ነው።

“አባዬ፣ ምን አድርገኸው ነው?”

“ላሚኔት ነዋ። ጀርባውን አንብቢው እስቲ።”

ጀርባው ላይ በደቃቅ ፊደል፣ የተቀደደ፣ የተፋቀ ወይም የራሰ ዕጣ እንደማይከፈል ተጽፏል። አባቴ ደንቡን አንብቦ ዝናቡን አየና እንደ ልማዱ አደረገ። ያስደረገውም ሎተሪውን ተደብቆ በገዛበት በሺንሺቾ ነው፤ እኛ በምንኖርበት ሆሳዕና ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት የምትሠራው ልጅ የእኛው ቤተ ክርስቲያን ዘማሪ ናት። ማንኛውንም አዟሪ ቢጠይቅ ኖሮ እንዳትነካው ይለው ነበር። ግን ሽማግሌ ስለ ሎተሪ ማንን ይጠይቃል?

አዲስ አበባ፣ ሎተሪው መሥሪያ ቤት ድረስ አብሬው ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ትሑት ነበረች፤ ብትቆጣን ይሻለኝ ነበር። ማሽኗ ላይ አገላበጠችው፣ መብራት አበራችበት፣ ለአለቃዋም አሳይታ ተመለሰች።

“አባባ፣ ቁጥሩ ልክ ነው። እውነተኛ መሆኑን ግን በወረቀቱ ነው የምናረጋግጠው። ላስቲኩ አላሳይ ብሏል፣ ሙቀቱም ቀለሙን ነክቶታል።”

“እንዳይበላሽ ብዬ ነው እኮ ልጄ።”

“ገብቶኛል አባባ።”

“ላስቲኩን ልላጠው?”

“ሲላጥ ይቀደዳል። ከተቀደደ ደግሞ...” አለችና መልሳ አቀበለችው።

አባቴ የሎተሪውን ጀርባ አዙሮ የጻፉትን ያሳያት ጀመር፤ ለተማሪ እንደሚያስረዳ በጣቱ መስመሩን እየተከተለ። ልጅቷ ጎንበስ ብላ እስከ መጨረሻው ሰማችው። የምቆጣበት ሰው ፈለግሁ፣ አጣሁ። ደንቡ ባይኖር አጭበርባሪው ብዙ ነው፤ ልጅቷ ምንም አላጠፋችም፤ አባቴን እንዳልቆጣ ደግሞ ኮፍያውን አውልቆ ቆሟል። አቤቱታ አስገባን። መልሱ ከረመና ያው ሆኖ መጣ።

ለእናቴ አልነገርናትም። አባቴ ሎተሪውን አይጥለው ነገር፣ እንደ ሌላው ወረቀት ሳጥኑ ውስጥ ከተተው።

ለቀጠሮዋ ልንሄድ ያልን ዕለት ጠዋት፣ እናቴ ካርዷን ፍለጋ ሳጥኑን ጭኗ ላይ አደረገች። ማየቱን ትታዋለች፤ የምትለየው በእጇ ነው። እኔና አባቴ ፊት ለፊቷ ተቀምጠናል። አንዱን አወጣችና ጠርዙን በጣቷ ዞረችው።

“ይሄ አዲስ ነው፣ ጠርዙ ገና ይወጋል። የማን ነው?”

“የእኔ ነው” አላት አባቴ።

“ሠርተፊኬት ነው?”

አባቴ ወደ እኔ አየ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

“አዎ” አላት።

በነጠላዋ ጫፍ ወለወለችውና ሳጥኑ ውስጥ ከሥር፣ ከጋብቻ ሠርተፊኬታቸው ጋር አስገባችው።

“እንግዲያው እዚህ ይሁን” አለች። “እንዳይበላሽብህ።”