የአባቴ ቤዝ ጊታር የተሸጠ ዕለት

ልጅ እያለሁ የቤታችን ቁም ሳጥን ያንጎራጉር ነበር። ይህን ስናገር ልጆቼ ይስቁብኛል፤ ነገሩ ግን እውነት ነው። አባቴ ቤዝ ጊታር ነበረው። ቤዝ ያለ ድምፅ ማጉያ ሲመታ ከሚጫወተው ሰው በቀር ብዙም አይሰማም፤ ወፍራሞቹ ክሮች ሲርገበገቡ ይታያሉ እንጂ ድምፃቸው ርቆ አይሄድም። የጊታሩን ጫፍ ከቁም ሳጥኑ በር ጋር አስጠግተው ከያዙት ግን እንጨቱ ድምፁን ይቀበልና ሳጥኑ በሙሉ፣ ውስጡ ከተሰቀለው ልብስና አናቱ ላይ ከተደረደሩት ሳህኖች ጋር፣ ማጉረምረም ይጀምራል። ይህን ማንም አላስተማረኝም። አንድ ቀን ጊታሩ ከብዶኝ ሊወድቅ ሲል በሩ ላይ ሳስደግፈው ነው ያወቅሁት።

የምንኖረው ሚዛን ተፈሪ፣ ወደ አማን በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። አባቴ ታደሰ ከከተማው ወጣ ብሎ በሚገኝ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ የሞተር መካኒክ ነበር። በሥራ ቀን ልብሱ ግራሶና እርጥብ የቡና ገለፈት ይሸታል። ቅዳሜና እሁድ ነጭ ሸሚዙን ይለብስና ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ሰርግ ቤት ይጫወታል። ሙዚቃ ትምህርት ቤት ገብቶ አያውቅም፤ ከሰርግ የሚያገኛት ሳንቲምም ለክርና ለትራንስፖርት ነበር የምትሄደው። እማዬ ታዲያ “አንተኮ ሁለት ሥራ ነው ያለህ፤ አንዱ ይከፍልሃል፣ ለአንዱ አንተ ትከፍላለህ” እያለች ትቀልድበት ነበር። እኔ ሰርግ ቤት አብሬው ስሄድ ዳሱ ጥግ ከትልቁ ስፒከር አጠገብ እቀመጣለሁ። የተጎዘጎዘው ቄጤማና የዳሱ እርጥብ ቅጠል ሽታ፣ የጨፋሪው እግር የሚያስነሳው አቧራ፣ ከሁሉም በታች ደግሞ የአባዬ ቤዝ። በጆሮዬ ሳይሆን በሆዴ የሚገባ ይመስለኝ ነበር።

አንድ የቡና ወቅት ላይ፣ ማጠቢያው ሥራ በበዛበት ቀን፣ ቺንጋው፣ የሞተሩ ማዞሪያ ቀበቶ፣ የአባዬን ግራ እጅ ያዘው። ሆስፒታል ሰንብቶ ሲወጣ ሌባ ጣቱና የመሀል ጣቱ ግማሽ ግማሻቸው አልነበረም። አባዬ ሰው ፊት ማማረር አይወድም። ወደ ሥራው ተመለሰ፤ ቡሎኑን በቀሩት ጣቶቹ መፍታት ተማረ፤ የጫማውን ክር ሳይቀር ራሱ ያስር ነበር። ብቻ ያቺን እጁን ከኮት ኪሱ አያወጣትም። ቁስሉ ከሻረ በኋላ አንድ ከሰዓት ጊታሩን ታቅፎ አልጋው ጫፍ ላይ ሲቀመጥ አየሁት። ብዙም አልሞከረ። ጊታሩን በሰማያዊ አንሶላ ጠቀለለና ከቁም ሳጥኑ ጎን አቆመው። ከዚያ ወዲያ እሱ ባለበት ሙዚቃ አይከፈትም። ማንም አልከለከለም፤ ግን የእግሩ ኮቴ በር ላይ ሲሰማ የእማዬ እጅ ወደ ሬዲዮው ማጥፊያ ይሄዳል።

ትምህርት ቤት በፈረቃ ስለነበር ከሰዓት ቤት ነው የምውለው። አባዬ ሥራ ላይ፣ እማዬ ከቤታችን ፊት ለፊት ባለችው ሱቃችን። ቴፑ ሥር የአባዬ ባንድ ሰርግ ላይ ሲጫወት የተቀዳባቸው ካሴቶች ነበሩ። መጀመሪያ እነሱን ብቻ በቀስታ ከፍቼ እሰማ ነበር፤ አባዬ ናፍቆኝ ይመስለኛል። አብሮን እየበላ፣ አብሮን እየተኛ የናፈቀኝ አባዬ። ቀስ በቀስ አንሶላውን መፍታት ጀመርኩ። ካሴቱን ትንሽ አጫውቼ አቆማለሁ፣ አንዷን ድምፅ በጣቴ ስፈልግ እቆያለሁ፣ ሳገኛት ደግሞ ቀጣይዋን። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ምንም ስለማይሰማ ጆሮዬን ቁም ሳጥኑ ላይ አስደግፌ እስኪያባራ እጠብቃለሁ። ጣቶቼ መጀመሪያ ውሃ ቋጠሩ፣ በኋላ ጠነከሩ።

አንድ ቀን እማዬ የረሳችውን ቁልፍ ልትወስድ ስትመጣ ጊታሩን ስጫወት ደረሰችብኝ።  ወንበር ስባ ላዩ ላይ ወጣችና ቁም ሳጥኑ አናት ላይ የነበሩትን ሳህኖች አንድ በአንድ አወረደች። “እየተንቀጠቀጡ ወድቀው ሊያልቁብኝ ነው” አለችና ቁልፏን ይዛ ወጣች። ለአባዬ አልነገረችውም። ሳህኖቹ ግን ተመልሰው እላይ አልወጡም።

እንዲህ እያለ ዓመት አለፈ፤ አሥራ ሦስተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። አንድ እሁድ ምሳ ላይ አባዬ ጊታሩን ሊሸጠው እንደሆነ ተናገረ። ቴፒ የቴፕና የሬዲዮ መጠገኛ ሱቅ ያለው፣ የሰርግ ባንድም የሚመራ ጋሽ ሸምሱ የሚባል ሰው ልግዛህ ብሎ መልእክት ልኮለት ኖሯል።

“ምን አደረገህ? እህል አልጠየቀህ፣ ውሃ አልጠየቀህ። ይቁም” አለችው እማዬ።

“አንቺ አታዪውም። ስገባም ስወጣም የማየው እኔ ነኝ።”

እማዬ ወደ እኔ ዞር አለች። እኔ ሳህኔ ላይ አቀረቀርኩ። ብናገር ሊቆጣኝ ነው፤ ከቁጣው ይልቅ ደግሞ ፊቱ ላይ የሚመጣውን ፈራሁ። 

ጋሽ ሸምሱ በቀጠሮው ቀን ጠዋት በቴፒ አውቶቡስ መጣ። ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ የሸኮ ጫካ መንገድ ጭቃ ነበር። ቀይ ጺሙን የሚያሻሽ፣ ሳቁ ከበር የሚቀድም ሰው ነው። ትንሽ ድምፅ ማጉያ በማዳበሪያ ጠቅልሎ ይዟል። አባዬ አንሶላውን ፈታለት። ጋሽ ሸምሱ የጊታሩን አንገት በዓይኑ ለካ፣ መቃኛዎቹን አዟዟረ፣ ማጉያውን ሶኬት ላይ ሰካ። እንደ ዕድል መብራት ነበር።

“በሉ አቶ ታደሰ፣ ድምፁን ያሰሙኝ። እኔ ኪቦርድ ነው የምጫወተው። ቤዝ የሚመታው ልጅ አሞት ዛሬ ቀረብኝ።”

አባዬ ግራ እጁን ከኪሱ ሳያወጣ “እኔ መጫወት ትቻለሁ” አለ። ጋሽ ሸምሱ ኪሱን አየ፣ ገባው። ሳቁ ጠፋና “ይቅርታ፣ አልሰማሁም ነበር” አለ። ሦስታችንም የምናየው አጣን። ይህን ጊዜ እማዬ ከጓዳ፣ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ብቅ አለች።

“ምሕረት ትጫወተው” አለች፣ በአገጯ ወደ እኔ እያመለከተች።

አባዬ የቀለደች መስሎት ነበር። እኔን ሲያየኝ ግን ፊቴ ነገረው። ጊታሩን አንስቶ ሰጠኝና በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ማሰሪያውን አንገቴ ላይ ሳጠልቅ አንድ ሐሳብ መጣብኝ፤ አበላሽቼ ብጫወት ጋሽ ሸምሱ ጥሎት ይሄዳል፣ ጊታሩም ቤቱ ይቀራል። የመጀመሪያዋን ክር ስነካ ግን ራሴ ደነገጥኩ። በማጉያ ስጫወት የመጀመሪያዬ ነው። ወለሉ ነዘረ፣ ቆርቆሮው ነዘረ፣ ደጃፍ ላይ ስትጭር የነበረችው ዶሮ ጮኻ ሸሸች። በሆዴ የማውቀው የሰርግ ቤቱ ድምፅ ከራሴ ጣት ወጣ። ካሴቶቹ ላይ ካሉት ሁሉ አብልጬ የምወደውን ዜማ ጀመርኩ። ትንሽ እንደሄድኩ ቀና ብዬ አባዬን አየሁት። ግራ እጁ ከኪሱ ወጥታለች። ጉልበቱ ላይ ሆና፣ ሙሉ ጣቱም ጎራዳ ጣቱም፣ ከእኔ ጋር እኩል ትንቀሳቀስ ነበር። እንዴት አድርጌ ላበላሸው? የምችለውን ያህል አሳምሬ ተጫወትኩት። ስጨርስ ጋሽ ሸምሱ “በቃ! ወስጄዋለሁ” አለ።

በራሴ እጅ ሸጥኩት ማለት ነው። አባዬ ቃሉን አላጠፈም። ጊታሩን በዚያው በሰማያዊ አንሶላ መልሶ ጠቀለለለት። ጋሽ ሸምሱ ሊወጣ ሲል “ልጅቷንም ጨምራችሁ ብትሸጡልኝ ደስ ይለኛል። ካልሆነም ቴፒ ስትመጡ ሱቄ ጓሮ ነው የምንለማመደው፣ ትጫወትበት” አለ። አባዬ እስከ መናኸሪያ ሸኘው። እኔ ጓዳ ገብቼ የጎደሬው ቅርጫት ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። እማዬ አጠገቤ ቆማ ፀጉሬን ደባበሰችኝ።

አባዬ ተመልሶ መጥቶ አጠገቤ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

“መሀሉ ላይ ያቺን ድምፅ ሸርተት ታደርጊያታለሽ” አለኝ። “ከየት አመጣሻት?”

“ከካሴቱ ነው። አንተ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የምትጫወታት።”

“ሁልጊዜ? ያን ቀን ሙቀት ነበር። እጄ አልቦት አዳልጦኝ ነው እንጂ!” አለና መሳቅ ጀመረ። የአባዬ ሳቅ ቶሎ አይቆምም። ያን ስህተት እንደ ትልቅ ጥበብ ቆጥሬ ስንት ከሰዓት እንደለፋሁበት ስነግረው እንባው መጣ። እማዬም፣ እኔም ሳቅን። ሲያበቃ ዓይኑን ጠረገና “ደግሞ እንዳታጠፊያት፤ ካንቺ ሲመጣ ያምራል” አለኝ። ከዚያ ተነሳና ሬዲዮውን ራሱ ከፈተ።

በቀጣዩ የትምህርት ቤት እረፍት ቴፒ ሄድን። በዚያ ጊዜ ከዘነበ መንገዱ ቀኑን ሙሉ ሊፈጅ ይችል ነበር። ሸኮ ጫካ ውስጥ አውቶቡሱ ሲሰምጥ ሁሉም ወርዶ ይገፋል፤ ከዛፉ ላይ ጉሬዛዎች ያዩናል። ከደረስን በኋላ ጋሽ ሸምሱ ጓሮ፣ ማንጎ ዛፍ ሥር፣ የሸጥኩትን ጊታር መልሼ ታቀፍኩ። አባዬ ከፊቴ ተቀምጦ በአፉ ምቱን ይቆጥርልኛል፣ ጣቴን ከቦታ ቦታ ያዛውርልኛል። ከዚያ ወዲህ ዝም ብሎ አያውቅም። በዓመቱ ቦንጋ ድረስ ሄደን ከአንድ የተበተነ ባንድ አንገቱ የተጣመመ ቤዝ ገዛን፤ አባዬ በመካኒክ እጁ አቃናው። ተጫወትኩበት፣ ሸጥነው፣ ሌላ ገዛን። ሀብታም አላደረገንም። እኔም ከሰርግና ከትምህርት ቤት በዓል ያለፈ ሙዚቀኛ አልሆንኩም። ግን ከአባቴ ጋር የተዋወቅሁት በዚያ መንገድ ነው።

ዛሬ ሚዛንና አማን አንድ ከተማ ሆነዋል። እኔም ሂሳብ አስተማሪ ሆኜ፣ በትርፍ ጊዜዬ አሁንም ቤዝ እገዛለሁ፣ እጠግናለሁ፣ እሸጣለሁ። ገዢዎቼ ወጣቶች ናቸው። ፎቶውን በቴሌግራም አይተው ይመጣሉ፣ ከስልካቸው ይማራሉ፣ ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ አድርገው ይጫወታሉ። ጎበዞች ናቸው፤ እኔ በዓመት ያገኘሁትን በወር ያገኙታል። ብቻ ምን እንደሚጫወቱ በዚያው ቤት የሚኖር ሰው እንኳን አይሰማም። ያሳዝነኛል።

እማዬ ካረፈች ወዲህ አባዬ ከእኔ ጋር ነው የሚኖረው። ጆሮው ደክሟል። የልጆቼን ጫጫታ አይሰማም፣ እኔም ካልጮኽኩ አይሰማኝም፤ ቀጭን ድምፅ ጨርሶ ከድቶታል። ወፍራሙ ድምፅ ግን እስካሁን ይደርሰዋል። ባለፈው ሰሞን አንድ አዲስ የገዛሁትን ቤዝ በረንዳ ላይ ስሞክር ከውስጥ ወንበሩን እየጎተተ መጣና አጠገቤ ተቀመጠ።

“ይሄንንም ልትሸጪው ነው?” አለኝ።

“አዎ አባዬ! ቅዳሜ ይወስዱታል!” ብዬ ጮኽኩ።

“ቅዳሜ?” አለና ወንበሩን ወደ እኔ አስጠጋ። “እስከ ቅዳሜማ የእኛ ነው። በይ ቀጥዪ።”