ለፎቶ የተቀመጠው ማሽላ

በጠርሙስ የተሞላውን የዘር ቤት ቁልፍ በአንገቱ አንጠልጥሎ ስለሚዞር ጎረቤቶቹ «ሊቀ ጠርሙስ» ይሉታል። በእውነተኛ ስሙ የሚጠቀሙት እናቱና የመንደሩ መዝገብ ነበሩ፤ እናቱ ሞታለች፣ መዝገቡን አይጥ በልቶታል።

ዘር ቤት ሲባል ታላቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። አንዲት ክፍል፣ አንድ መስኮት፣ መደርደሪያ ሙሉ ጠርሙስ። ገበሬው የአያቶቹን ዘር እዚያ ያስቀምጣል፣ ዝናብ ያመፀ ዓመት ይወስዳል፣ ሲያጭድ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። የሊቀ ጠርሙስ ሥራ ዘሩን ጨለማ ውስጥ ማቆየትና በየሁለት ዓመቱ ዘርቶ ማደስ ነው።

ይህን አሥራ አንድ ዓመት በወጉ ሠራ። ያበላሸው ጎብኚ ነው። ጎብኚ በመኪና ይመጣል፣ ስለ ብዝኃ ሕይወትና ስለ አየር ንብረት ለውጥ የሚያወራ በራሪ ወረቀት ያድላል፣ ፎቶ አንስቶ ይሄዳል። ወረቀት ዝናብ ቢጠራ ኖሮ መንደሩ ድሮ በጎርፍ ባለቀ! ታዲያ አንዷ ጎብኚ ቀዩን ማሽላ አይታ፣ «ይሄ ብርሃን ቢያገኝ እንዴት ያምር ነበር!» አለች። ሊቀ ጠርሙስም ብርሃን ሰጠው። ጠርሙሱን መስኮቱ ላይ ቢያኖረው እንደ ዕንቁ አበራ። ፎቶው በራሪ ወረቀት ላይ ወጣ፤ እሱም ከጠርሙሱ ጎን ጥርሱን አግጥጦ ቆሟል። ወረቀቱን ግድግዳው ላይ ለጠፈ። ማሽላው ሁለት በጋ ፀሐይ ላይ ከረመ። ለማደስ እንኳ ቆንጥሮ አልዘራም፤ ጠርሙሱ ከጎደለ ለሚቀጥለው ጎብኚ አያምርማ!

ዘንድሮ ዝናቡ ስድስት ሳምንት ዘገየ። በቀረው ጊዜ የሚደርስ ዘር ያ ቀይ ማሽላ ብቻ ነው። ከእናታቸው ጓዳ የተረፈውን የመጨረሻ ዘር አምጥታ ያስቀመጠችው ደግሞ ታላቅ እህቱ ነች፤ የሟች ልጇን ሁለት ልጆች የምታሳድገው በአንዲት ማሳ ነው።

«አንተ ሊቀ ጠርሙስ፣ በል አምጣ! መሬቱ ርሷል።»

«እትዬ፣ መብቀሉን ልይልሽ። አምስት ቀን ታገሺኝ።»

«በፎቶ እንዲያ ያማረ ደግሞ ምን ይታይለታል?» ብላ ስቃ ሄደች።

ሃያ ፍሬ ቆጥሮ በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለለ። በሦስተኛው ቀን ቢገልጠው ጭጭ። በአምስተኛው ሁለቱ ብቻ ነጭ ጭራ አውጥተዋል፤ የቀሩት አብጠው ሻግተዋል። «ጠርሙሱን ሰጥቼ ዝም ብልስ?» አለ በልቡ። «ሳይበቅል ሲቀር ሰማዩን ትረግማለች።» ሰማይ መቼም የሰው ኃጢአት መሸከም ለምዷል፤ ለዚያም የሚያግዝ የአየር ንብረት ለውጥ ወረቀት ግድግዳው ላይ አለ።

እህቱ ጆንያዋን ይዛ ስትገባ ግን ዓይኑ ጆንያው ላይ ወደቀ። ጆንያው የእናታቸው ነበር።

«እትዬ… ዘሩ ሞቷል። የገደልኩት እኔ ነኝ። እንዲያምር ብዬ ፀሐይ ላይ አስቀመጥኩት።»

እህቱ ግድግዳው ላይ ወዳለው ፎቶ፣ ወደ ገጠጠው ጥርሱ አየች።

«ታዲያ ይሄን ወረቀት ልዝራ?»

«ስደቢኝ፣ እትዬ።»

«ስድብ ዘር ቢሆን ዘንድሮ ጎተራዬ ባልቻለው ነበር። ከሃያው ስንት በቀለ?»

«ሁለት።»

ጠርሙሱን ከመስኮቱ አንስታ በጉያዋ ሸጎጠችው። «ማሳው ዘንድሮ ጦም ያድራል። ይሄን የውሃ ጉድጓዱ አጠገብ አጠጋግቼ እዘራዋለሁ፤ ቢያንስ ዘሩ አይጥፋ። ውሃ የምትቀዳው አንተ ነህ። ልጆቹም እስከሚቀጥለው አጨዳ የሚበሉት አንተ ቤት ነው።»

«እሺ።»

በማግስቱ መስኮቱን በሳንቃ ቸነከረው። ከዚያ ወዲህ በየማለዳው ባልዲ ተሸክሞ ይመላለሳል፤ ላሽ እንደመታው ራስ እዚህም እዚያም የበቀለውን ቡቃያ ያጠጣል። መንገድ ላይ «ሊቀ ባልዲ፣ እንዴት አደርክ?» ይሉታል፤ እሱም አንገቱን ደፍቶ ያልፋል።

ይህስ ይቻላል። የማይቻለው ማዕድ ነው። ልጆቹ ተጎራርሰው ሲበሉ፣ እሱ እጁን ታጥቦ እየጎደለ የሚሄደውን ሳህን ያያል።

«አጎቴ፣ አንተ ለምን አትበላም?» አለችው ትንሿ።

«በልቻለሁ» አላት።

አልበላም ነበር።