ያወጣሁት እጅ

የያዙኝ ኢተያ፣ ከክፍል ስወጣ ነው፤ ጠመኔው ገና ጣቴ ላይ ነበር። በዚያ ሳምንት በታሪክ ክፍለ ጊዜ አንድ ተማሪ፣ «ትንሽ አገር ለምን ከትልቅ ጋር ቃል ኪዳን ገብቶ በማያገባው ጦርነት ይማገዳል?» ብሎ ጠየቀኝ። «ብቻውን መቆም ስለሚፈራ ነዋ፤ ነገ እሱ ሲነካ ትልቁ እንዲደርስለት» አልኩ። ይህችን መልስ አንድ ሰው መንግሥትን እንደ መስደብ ቆጥሮ ጠቆመብኝ። ማን እንደሆነ እስካሁን አላውቅም።

አሰላ ያስገቡኝ ክፍል ሲሚንቶው እርጥብ ነው። ደረቅ ቦታ ያለው ጥጉ ጋ ብቻ ነው፤ አዲስ ገቢ የሚተኛው ከሽንት ባልዲው አጠገብ። የአሰላ ብርድ ደግሞ ቀልድ አያውቅም። በአራተኛው ቀን ወገቤ አልዘረጋ አለኝ፤ በሰው ፊት አለቀስኩ።

ካቦው፣ የእስረኞቹ አለቃ፣ አጠገቤ ቁጢጥ አለ። መምህር መሆኔን ስለሰማ በኦሮምኛ «ባርሲሳ» ይለኛል።

«ባርሲሳ፣ ያ ሽማግሌ በሳሉ አላስተኛ ብሎናል። ከጥጉ ይነሳ ብለን እጅ እናስወጣለን። ከኛ ጋር ከሆንክ እዚያው ከኛ ጋር ትተኛለህ።»

ሽማግሌው የጎበሳ ገበሬ ናቸው። የገባሁ ዕለት ዳቦአቸውን ከፍለው የሰጡኝ እሳቸው ነበሩ። ከባልዲው ጎን ቢተኙ ሳላቸው የት እንደሚያደርሳቸው አላጣሁትም።

«ይነሱ የምትሉ?» አለ ካቦው። አብረውት የሚበሉት ሁሉ እጅ አወጡ። እኔ ባላወጣም ያው ነው ብዬ ራሴን አታለልኩና አወጣሁ። ያስተማርኩትን ትምህርት ምንም ሳላጓድል ሠራሁት።

ሽማግሌው እጄን አዩት። «ልጄ፣ አንተንም በርዶሃል» ብቻ አሉ፤ ጋቢያቸውን ሰብስበው ወደ ባልዲው ሄዱ።

ደረቁ ጥግ ላይ ተጋደምኩ። ሳሉ እዚያም ይሰማል። ከሰዓት ለቆጠራ ወጥተን ስንመለስ ብርድ ልብሴን አንስቼ በሳቸውና በባልዲው መካከል ገባሁ።

«ምነው ባርሲሳ፣ ናቅከን?» አለ ካቦው።

ብርድ ልብሴን አነጠፍኩ። ጥጉን ወዲያው ሌላ ሰው ያዘው፤ ለሳቸው የፈየድኩት ነገር የለም። ሳምንት ሳይሞላ ደከሙ፤ ጠባቂዎች በሸክም ወሰዷቸው። ዳኑ ወይ ብዬ አንዱን ጠባቂ ጠየቅኩት፤ አላውቅም አለኝ።

አሁን ተፈትቼ፣ ተመልሼ አስተምራለሁ። ያ የቃል ኪዳን ምዕራፍ ሲደርስ የምመልሰው ያንኑ ነው፣ እውነት ነውና። ተማሪዎቼን «እጅ አውጡ» ማለት ግን አልችልም። በየስማቸው እየጠራሁ እጠይቃቸዋለሁ።