ሰው የምታነሳው ወርቂቱ

የዚያን ዕለት ማለዳ ዘንቦ አባርቷል። የአሜሪካዋን ሚኒያፖሊስ በበረዶ ተውጣ ትተዋት ለመጡት የዶሚኒካን ሪፐብሊክ ፀሐይ ደስ ትላለች፤ ቀዩ የገጠር መንገድ ግን ገና ያዳልጣል። በፈረንጆቹ 2018 መጋቢት ላይ ነው፤ የሚኒያፖሊስ ጎረቤት የሆነችው የኮሎምቢያ ሃይትስ ከተማ ኢትዮጵያውያን ማኅበርተኞች ተሰባስበው ለሽርሽር በአውቶቡስ ወጥተዋል።

አስጎብኚው የአውቶቡሱን ማይክ እያዞረ ሁሉም ስሙንና ሥራውን እንዲናገር ጠየቀ። ተራው ወርቂቱ ጋ ሲደርስ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጇ ዱረቲ ማይኩን ቀድማ ነጠቀችና በእንግሊዝኛ፣ «እናቴ ነርስ ናት» አለች።

ወርቂቱ አንገቷን ደፋች። ከስድስተኛ ክፍል ትምህርት ያቋረጠች፣ አሥራ አራት ዓመት በመጦሪያ ቤት አዛውንት ስታጥብና ከአልጋ ስታነሳ የኖረች ሴት ናት። ወገብ ያልቃል እንጂ ሥራው አያልቅም። ልጇ እንደምታፍርባት ያወቀችው ግን ገና አሁን ነው፤ ከወገቧ ሕመም ይልቅ ይኼ ባሰባት።

ሻኮፒ በምትባል ከተማ የዕቃ መጋዘን የሚሠራው እሸቴ ከኋላ ሆኖ ሳቀ። «ኧረ ወርቄ! ሽማግሌ ማንሳት ከመቼ ወዲህ ነው ነርስነት የሆነው?»

«አንተ ካርቶን ታነሳለህ፣ እኔ ሰው አነሳለሁ። ምን አገናኘን?»

አውቶቡሱ በሳቅ ሞላ። ዱረቲ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

የካካዎ እርሻ ለማየት ቁልቁለቱን ሲወርዱ የሰባ አራት ዓመቷ እማማ ባየሽ አዳለጣቸውና ዘጭ አሉ። እሸቴ ሮጦ በብብታቸው ሥር እጁን ሰደደ።

«ተው! ልቀቃቸው! ካርቶን አይደሉም!» ጮኸች ወርቂቱ።

የወደቀ ሰው ዝም ብሎ አይነሳም፤ መጀመሪያ ይጠየቃል። ጭቃው ላይ ተንበረከከች። «እማማ፣ ራስዎን መታዎት? ዳሌዎን ያምዎታል? እስቲ እግርዎን ያንቀሳቅሱ።»

«እኔን የሚያመኝ የእናንተ ጫጫታ ነው» አሉ ባየሽ።

ወርቂቱ ሻሿን ፈትታ፣ መጦሪያ ቤት በቀበቶ እንደምታደርገው፣ መያዣ እንዲሆናት ወገባቸው ላይ አሰረች። ከባለ እርሻው ቤት ዱካ አስመጣች። በጎናቸው አዙራ በጉልበታቸው አንበረከከቻቸውና እጃቸውን ዱካው ላይ አስደገፈች።

«የሚነሱት እርስዎ ነዎት፤ እኔ አጋዥ ነኝ። በሦስት።» ሲጨንቃት የምትቆጥረው በኦሮምኛ ነው። «ቶኮ፣ ላማ፣ ሰዲ!»

እማማ ባየሽ ቆሙ፤ ቀሚሳቸውንም አራገፉ።

እሸቴ ዱካውን ሊመልስ እያነሳ፣ «እኔ ብሆን ሰብሬያቸው ነበር» አለ።

አውቶቡሱ ሲነሳ ዱረቲ ማይኩን ከአስጎብኚው ለምና ተቀበለች። ቤት ውስጥ በእንግሊዝኛ ካልሆነ የማትመልሰው ልጅ በተሰባበረ አማርኛ ተናገረች። «ጠዋት ዋሽቻለሁ። እናቴ ነርስ አይደለችም። ሰው ነው የምታነሳው። አይታችኋል።»

ወርቂቱ ጭቃ የነካውን ሻሿን አጥፋ ጭኗ ላይ አስቀምጣለች። አንገቷን ግን አልደፋችም።

ዛሬም እዚያው መጦሪያ ቤት፣ በጠዋቱ ፈረቃ ላይ ናት። አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር ሰው ማንሳት የሚማረው ከእሷ ነው።