በንጹሕ አልጋ ላይ የታሰርኩበት ክረምት

አንድ ጧት የሹራቤን ቁልፍ መቆለፍ አቃተኝ። የአሰላ ብርድ ነው ብዬ ቀኝ እጄን ብብቴ ውስጥ ወሸቅሁት። ጎረቤቴ ደህና አደሩ ስትለኝ መልሱ አልወጣም። አፌ ተጣሞ ነበር።

ሆስፒታል ስወሰድ ሐኪሙ ለልጄ ለሰናይት፣ "ስትሮክ ነው። ንግግራቸው ተነክቷል፤ ግን ሁሉም ነገር ይገባቸዋል። በየቀኑ ካንቀሳቀሷቸው መራመዳቸው አይቀርም" አላት።

ሰናይት ሥራዋ ሐዋሳ ነው። "የመንግሥት መጦሪያ ጠያቂ ለሌለው ነው፤ እናቴን እዚያ አላስገባም" ብላ አንድ የግል መጦሪያ አስገባችኝ። ቤቱ አዲስ ነው፤ አንሶላው ነጭ። ባለቤትየዋም ክፉ ሰው አልነበሩም። ግን "ከወደቁ የቤቱ ስም ይጠፋል" እያሉ የአልጋዬን የጎን መከለያ ብረት ከፍ አስደርገው እንዳልወርድ ዘጉብኝ።

ከዚያ በኋላ አልተነሳሁም። ሽንቴ ሲመጣ አውቃለሁ። መናገር አልችልም። ዳይፐር አደረጉልኝ። ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ያስተማርኩ ሴት ነኝ። ዳሌዬ ቆሰለ።

ሰናይት ልትጠይቀኝ መጣች። "እማዬ፣ እንዴት ያለ ንጹሕ ቤት ነው!" አለች። አውጪኝ ልላት አፌን ከፈትኩ። የወጣው "ውሃ" ነው። አጠጣችኝ። ደግሜ ሞከርኩ። "ውሃ።" ሌላ ብርጭቆ አመጣች። ግንባሬን ስማኝ ሄደች።

ክረምቱ ሲወጣ ባለቤትየዋ ቤቱን የእንግዳ ማረፊያ ሊያደርጉት ወሰኑ። በሁለት ሳምንት ልቀቁ ተባልን። ሰናይት ሌላ ቦታ አጥታ እያለቀሰች ያንኑ የፈራችውን የመንግሥት መጦሪያ አስገባችኝ።

ስድስት ሆነን በአንድ ክፍል ነበርን። መስኮቱ አይገጥምም፤ ውሃ በፈረቃ ነው። ከእስር ወደ እስር መስሎኝ ነበር። ተንከባካቢያችን ጫልቱ ቁስሌን አይታ ነርሷን ጠራች። በማግስቱ በኦሮምኛ "ካኣ!" አለችኝ፤ ይነሱ ማለቷ ነው። መፍራቴን ከዓይኔ አወቀች።

"ከወደቁ አነሳዎታለሁ፤ የምቀይርልዎት አንሶላ ግን የለኝም። ሽንት ቤት በእግርዎ ይሄዳሉ።"

እንዲህ ተጀመረ። መጀመሪያ እስከ አልጋው ጫፍ፣ ከሳምንት በኋላ ግድግዳውን ተደግፌ እስከ በሩ፣ ቁስሉ ሲደርቅ ደግሞ በዱላ እስከ ግቢው ባሕር ዛፍ ድረስ እየሄድኩ፣ መንገድ ላይ ጫልቱ የምትጠራልኝን የዕቃ ስም ሁሉ እየደገምኩ፣ እግሬም ምላሴም አብረው ተፈቱ።

ሆኖም አልዋሽም። ፊዚዮቴራፒስት እንዲመደብልን ጽፈን መልስ አላገኘንም። ጫልቱ ዕረፍት የወጣች ቀን ሁላችንም ተኝተን እንውላለን።

ሰናይት በቅርቡ "ሌላ የግል ቤት ልፈልግልሽ?" አለችኝ። "ጫልቱን ካገኘሽበት" አልኳት።

ጫልቱን፣ ነርሷንና ያን እውነቱን የተናገረ ሐኪም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እናትና አባታችሁን መጦሪያ የምታስገቡ፣ ቤቱ የማን ነው ከማለታችሁ በፊት አረጋውያኑን በቀን ስንት ጊዜ እንደሚያስነሷቸው ጠይቁ። ጥያቄውን ለአስተዳዳሪው አትተዉት። አልጋ ላይ ላለው ሰው አቅርቡለትና መልሱ እስኪወጣለት ድረስ አጠገቡ ተቀመጡ።